እትዬ ቤት፦ በረካ ያለው የሐዋሳ ቡና

ከቅዱስ ገብርኤል አደባባይ ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወስደውን ሰፊ መንገድ ይዞ የሚወርድ ሰው፣ ሐይቁ ከመታየቱ በፊት ወደ ግራ የምትታጠፍ ጠባብ የኮብልስቶን መንገድ ያገኛል። በዚያች መንገድ ላይ፣ ከአንድ የግቢ በር አጠገብ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ዘጠኝ ዱካዎች የተደረደሩባት፣ ታፔላ የሌላት የጀበና ቡና ቤት አለች። ደንበኛው ሁሉ ባለቤቷን «እትዬ»፣ ቤቷንም «እትዬ ቤት» ይላል፤ እኔም ለአራት ዓመታት ያህል፣ ከእሑድ በቀር በየቀኑ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስመላለስባት ከዚህ ሌላ መጠሪያ ፈልጌላት አላውቅም። የቡናው ነገር ራሱ ሊጻፍለት የሚገባ ቢሆንም፣ ብዕር ያስነሣኝ ሌላ ምክንያት ነው፤ ባለፈው ጥር መጨረሻ ቤቷ ለስድስት ቀናት ተዘግታ ነበርና፣ በእነዚያ ቀናት እኔና ሌሎቹ ደንበኞች የሆንነውን ካየሁ ወዲህ፣ እዚያው ዱካ ላይ ተቀምጠን ስንት ጊዜ የተከራከርንበትን «የአንድ ነገር ሱሰኛ ያልሆነ ሰው የለም» የሚለውን አባባል እንደ ቀድሞው ራሴን ነቅንቄ ማሳለፍ አቅቶኛል።

ከቡናው ልጀምር። የሚመጣው ከአለታ ወንዶ ነው። ባለቤቷ በዚያ ያሉ ዘመዶቿ የሚልኩላትን ቡና ለቅማና አጥባ በብረት ምጣድ ትቆላዋለች፤ ለጠዋቱ ገበያ የሚሆነውን ወፍጮ ቤት ታስፈጨዋለች፤ የከሰዓቱን ግን ሰው ፊት ቆልታ በሙቀጫ ትወቅጠዋለች። የሁለቱ ልዩነት ሲኒው ውስጥ በግልጽ ይታወቃል። የተወቀጠው ሻካራ ስለሆነ ጀበናው ጋደል ብሎ ሲቀመጥ ቶሎ ይሰክናል፤ የተፈጨው ግን ደቃቅ በመሆኑ ውታፉን አልፎ እየሾለከ ከሲኒው ሥር አተላ ይተዋል። ምርጫ ያለው ሰው ከሰዓት በኋላ ቢሄድ ይሻለዋል። ቅሬታዬ አቆላሉ ላይ ነው። የሲዳማ ቡና በውጭ ገበያ ስሙ የተጠራው ሎሚና አበባ በሚያስታውስ ቀለል ያለ ኮምጣጣነቱ ነው፤ ይህ ጣዕም የሚገኘውም ፍሬው ሳያርር ከእሳት ሲወርድ ነው። እትዬ ቤት ግን ፍሬው ጠቁሮ ወዙ እስኪወጣ ድረስ ስለሚቆላ፣ ለጠጪው የሚቀረው ምሬቱ ነው። አንድ ቀን ይህንኑ ብነግራት፣ «ጋሼ፣ ቀላ አድርጌ ባወጣው ሰው ቡናሽ ቀጠነ ይለኛል» ስትል መለሰችልኝ፤ በማግሥቱ ለሙከራ ያህል ቀላ አድርጋ አፍልታው ስትቀዳልን ከስምንት ሰው ሰባቱ ቅር አለው፣ ስምንተኛው እኔ ነበርኩ። ሙቀቱ ላይ ግን እንከን አይወጣላትም፤ «የቡና ስባቱ መፋጀቱ» የሚለውን ተረት እንደ ሕግ ስለምትጠብቅ፣ ሲኒዎቹን ሳይቀር በፈላ ውኃ አሙቃ ነው የምትቀዳው።

ጠዋት አንድ ሲኒ በ20 ብር ይሸጣል፤ የቸኮለ ሰው ቆሞ ጠጥቶ ይሄዳል። ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ግን ሥርዓቱ ይለወጣል። 50 ብር ከፍሎ የተቀመጠ ሰው ቆሎ ወይም ፈንዲሻ ቀርቦለት አቦል፣ ቶናና በረካ ይጠጣል፤ በረካው ከተቀዳ በኋላ ባለቤቷ አተላውን ደፍታ፣ ጀበናዋን አጥባ፣ ማቶቱ ላይ ገልብጣ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቀን ቡና የለም። በየመንገዱ ዳር ያሉት የጀበና ቡና ቤቶች ይህን ሥርዓት ከተዉ ቆይተዋል፤ የፈላውን እየቀዱ፣ ያለቀውን እየተኩ እስከ ምሽት ይሸጣሉ፣ በንግድ ዓይን ሲታይም የሚያዋጣው እሱ ነው። አንድ የሩቅ እንግዳ ለአራተኛ ሲኒ እጥፍ ዋጋ ልክፈል ብሎ ሲለምናት ሰምቻለሁ፤ የሰጠችው ግን አንድ ብርጭቆ ውኃ ነበር። ምክንያቱን እኔም ጠይቄያት ነበር። ከአያቶቿ የወረሰችውን ወግ የምታወሳልኝ መስሎኝ ብጠብቅ፣ «የከሰሉን ዋጋ አያዩትም?» ብላ አለፈችው።

ክርክራችን ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በአቦልና በቶና መካከል ባለው ጊዜ ነው። ዋነኛው ተሟጋች አንድ ባጃጅ ሾፌር ሲሆን፣ በቀን ስምንት ሲኒ ያህል እንደሚጠጣ ራሱ ይናገራል። የእሱ ሙግት አጭር ነው፦ እኔ የቡና ሱሰኛ ነኝ፣ እነዚያ ሁለት ተማሪዎች የስልክ ሱሰኞች ናቸው፣ ጡረተኛው የዜና ሱሰኛ ናቸው፣ እናቴ የቤተ ክርስቲያን ሱሰኛ ናት፣ እትዬም የብር ሱሰኛ ናት፤ ስለዚህ ማንም ማንንም መምከር አይችልም። ይህን ሲል ሁሉም ይስቃል፣ እኔም እስቅ ነበር። ነገር ግን አማርኛው ራሱ በዚህ ጉዳይ ከእኛ ከተናጋሪዎቹ ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ልማድ ሲቀር ቅር ያሰኛል እንጂ አያምም፤ አመል ብዙውን ጊዜ ከባለቤቱ ይልቅ ጎረቤትን ያስቸግራል፤ ሱስ ግን በቀረ ጊዜ አካል ራሱ የሚጠይቀው ነገር ነው፣ ለጥያቄውም ሐራራ የሚባል የራሱ ስም አለው። ጫት ቃሚዎች ደግሞ ካቋረጡ በኋላ በእንቅልፋቸው የሚመጣባቸውን አስጨናቂ ሕልም ዱካክ ይሉታል። የቅዳሴ ዱካክ የያዘው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ቤቷ የተዘጋችው ማክሰኞ ዕለት ነው። ባለቤቷ ይርጋለም ለቅሶ ደርሶባት ሰኞ ማታ ሄዳ ኖሮ፣ በ10 ሰዓት ስደርስ ዱካዎቹ ተደራርበው በሰንሰለት ታስረው አገኘኋቸው። ሌላ ቡና ቤት መሄድ እችል ነበር፤ ሐዋሳ ውስጥ ቡና ፍለጋ ከመቶ እርምጃ በላይ የሚሄድ ሰው የለም። ቤቴ ግን ባለቤቴን ጨጓራ ስለሚያማት ቡና አይፈላም፣ ሻይም አልወድም፣ እናም ለክርክሩ የሚሆን ማስረጃ ከራሴ ላይ ላግኝ ብዬ እስክትመለስ ድረስ ላለመጠጣት ወሰንኩ። ማክሰኞ ምሽት ላይ ከግንባሬ በላይ ድብን ያለ ሕመም ጀመረኝ። ረቡዕ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሁለት ጊዜ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃተኝ፤ ማታውን አቅለሸለሸኝ፣ ልጄ ስታናግረኝም ያለ ምክንያት ተቆጣኋት። ሐሙስ ሕመሙ ቢቀንስም እንደ ጉንፋን ሰውነቴን ከበደኝ። ዓርብ ከሰዓት ላይ ራሴ ልክ ጠዋት እንደሚገፈፍ ጉም ተገለጠልኝ።

ይህ የእኔ ድክመት ብቻ ሳይሆን በሚገባ የተጠና ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1819 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ ከቡና ፍሬ የለየው ካፌይን፣ ወደ አንጎል ሲደርስ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያርፍባቸውን መቀበያዎች ቀድሞ ይይዛል። አዴኖሲን ቀኑ በገፋ ቁጥር እየተጠራቀመ ድካምና እንቅልፍ የሚያመጣ ስለሆነ፣ ቦታው ሲያዝበት ድካሙ የጠፋ ይመስላል። ቡናው የየዕለት ሲሆን ግን አንጎል ከሁኔታው ጋር ራሱን ያስማማል፤ ቡናው በድንገት ሲቀር አዴኖሲን ባዶ ያገኘውን ቦታ ሁሉ ይይዛል፣ የአንጎል የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ራስ ምታቱም ይከተላል። ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ሲኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓታት በኋላ ይጀምራሉ፣ በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ቀናት ይከፋሉ፣ ከ2 እስከ 9 ቀናትም ይቆያሉ። በሁዳዴና በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ፣ በረመዳንም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሳቸውን የሚያማቸው ብዙ ሰዎች ሕመሙን ከረኃብ ቢቆጥሩትም፣ ብዙውን ጊዜ የቀረው የጠዋቱ ቡና ነው።

እኔንም ያሳፈረኝ ይኸው ስሌት ነው። የመጨረሻ ሲኒዬን ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ እጠጣለሁ፤ በማግሥቱ 10 ሰዓት ሲሆን 23 ሰዓታት አልፈዋል፣ ማለትም ሐራራው ሊነሣ ጫፍ ላይ ደርሷል። እንግዲያው ለአራት ዓመታት ያመሰገንኩት የአቦሉ ደስታ፣ ትንሽ የማይባለው ክፍሉ፣ የትናንቱ ቡና የቆፈረውን ጉድጓድ የዛሬው ሲደፍነው የሚሰማኝ እፎይታ ነበር። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ራሴን ያመኛል፤ ምክንያቱ ቅዳሴ ላይ ብዙ መቆሜ ወይም የሐዋሳ ፀሐይ ነው እያልኩ ጃንጥላ ሳይቀር ገዝቻለሁ። ቤቷ እሑድ ዝግ መሆኗን ከሕመሙ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

የሌሎቹ ደንበኞች ነገር ከእኔ ይበልጥ አስተማሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባጃጅ ሾፌሩ ማክሰኞ ዕለት በሩ ተዘግቶ ሲያይ ከመቀመጫው እንኳ ሳይወርድ ባጃጁን አዙሮ ሃምሳ ሜትር ወደምትርቅ ሌላ ጀበና ሄደ፤ እትዬ ተመልሳ ከከፈተች በኋላም ለሳምንት ያህል አልመጣም፣ የቅርቡ ይሻለኛል አለ። ጡረተኛው ደግሞ፣ ሐኪም ስለከለከላቸው ከሦስቱ ዙር አንዷን በረካ ብቻ፣ ያውም ግማሽ ሲኒ የሚጠጡት ሰው፣ ስድስቱንም ቀን በ10 ሰዓት መጥተው ከተዘጋው በር ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው ይሄዱ ነበር። ራስዎን አላመመዎትም ወይ ብላቸው፣ «በግማሽ ሲኒ ደግሞ ምን ያመኛል፣ ልጄ» አሉኝ። ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከግቢው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን እንደ ወትሮው ሲነካኩ ዋሉ፤ ቤቷ መዘጋቷን ያስተዋሉት መቀመጫቸው ስለቆረቆራቸው ይመስለኛል።

እነዚህን አራት ሰዎች በአንድ ቃል መጥራት እንዴት እንደሚቻል አይገባኝም። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 10ኛው እትም ጥገኝነትን፣ ማለትም በሱስ መያዝን፣ የሚለካባቸው ስድስት ነጥቦች አሉት፦ ጽኑ ፍላጎት፣ መጠንን መቆጣጠር አለመቻል፣ ሲቀር የሚመጣ ሕመም፣ ለተመሳሳይ ስሜት ከቀድሞው የበለጠ መጠን መፈለግ፣ ሌሎች ጉዳዮችን ችላ ማለት፣ እንዲሁም ጉዳቱን እያወቁ መቀጠል ናቸው። ከስድስቱ ሦስቱ አብረው በአንድ ዓመት ውስጥ ከታዩ ጥገኝነት ይባላል፤ ካፌይንም በዚያው ምደባ ከሌሎች አነቃቂዎች ጋር ተጠቅሷል። በዚህ ቆጠራ ከሄድን እኔ ሦስቱን አሟላለሁ፤ እፈልገዋለሁ፣ ሲቀር ያመኛል፣ በአንድ ሲኒ ጀምሬ ሦስት ላይ ደርሻለሁ። ከዘጠኙ ዱካዎች ስድስቱን የሞላነው ሰዎችም እንደዚሁ እንሆን ነበር፣ ባጃጅ ሾፌሩም ክርክሩን ያሸንፍ ነበር።

ይህን አደጋ ግን ባለሙያዎቹም አይተውታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው 5ኛው የምርመራ መመሪያ ቡና ሲቋረጥ የሚመጣውን ሕመም በሙሉ ልብ ሲመዘግብ፣ የካፌይን ሱሰኝነት የሚባለውን ግን ገና ጥናት ከሚያስፈልጋቸው ጉዳዮች ተርታ አስቀምጦታል። ለጥናት በቀረበው መስፈርትም ሦስት ነገሮች በግድ አብረው እንዲገኙ ጠይቋል፦ ሰውየው ለመቀነስ ፈልጎ ወይም ሞክሮ ያልተሳካለት፣ ጉዳቱን እያወቀ የቀጠለ፣ ሲያቋርጥም የሚታመም መሆን አለበት። መስፈርቱ እንዲህ የጠበቀው ማንኛውም የዕለት ቡና ጠጪ በሽተኛ እንዳይባል ነው። እኔ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የማሟላው። ጡረተኛው አንዱንም አያሟሉም። ባጃጅ ሾፌሩ ግን ጨጓራው ቆስሎ ሐኪም ቡና እንዲያቆም አዝዞታል፣ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቴም በሁለተኛው ቀን ተመልሷል፣ ሲያቆም ደግሞ ራሱን ይዞ እንደሚተኛ ራሱ ነግሮናል። «ሁሉም ሱሰኛ ነው» የሚለው ሰው ከመካከላችን በእርግጥ ሱሰኛ የሆነው እሱ ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ አባባሉ ለምን ከአፉ እንደማይጠፋም ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉም ታማሚ በሆነበት መንደር የእሱን ሕመም ነጥሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ይህንኑ አባባል ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ደግሞ ሳቄ ጨርሶ ጠፋ። ከእትዬ ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ አንድ የስፖርት ውርርድ ቤት አለ፤ ጩኸቱም ቅዳሜ ቅዳሜ የእኛን ጨዋታ ይሸፍነዋል። በአንድ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ትሑትና ጨዋ የሆነ ወጣት፣ እዚያ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ወይም ከተበላ በኋላ እትዬ ጋ ብቅ ብሎ አንድ ሲኒ ይጠጣል። ቡናው ቤት መዘጋቱ ለእሱ ምንም አልነበረም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ለሁለት ሰዓታት ያህል ኔትዎርክ ጠፍቶ ነበርና፣ የስልኬ ብቻ መስሎኝ ብሎ የእኔን፣ ከዚያ የጡረተኛውን፣ ከዚያ የአንድ መንገደኛ ስልክ ሲለምን፣ ላብ በግንባሩ ላይ ሲወርድ አየሁ። የቤት ኪራዩን ከበላ ሦስተኛ ወሩ እንደሆነ የነገረኝ ያን ዕለት ነው። እንዲተወው ስመክረው፣ «አንተም እኮ ጋሼ ቡና ካልጠጣህ ራስህን ያምሃል» አለኝ። መልሱ አልጠፋኝም፤ ነገር ግን ረቡዕ ማታ ልጄን የተቆጣሁት ሰው መሆኔ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

መልሱን እዚህ ልጻፈው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ጸድቆ ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባ 11ኛው እትም፣ ወደ ሰውነት ከሚወሰዱ ነገሮች ውጪ ካሉ ሱሶች መካከል በስማቸው ጠቅሶ የመዘገበው ሁለቱን ብቻ ነው፤ ቁማርንና የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታን። ስልክ በጠቅላላው፣ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ሥራ፣ ገበያ መውጣት በዚያ ዝርዝር ውስጥ በስማቸው አልተጻፉም። ቁማር በዝርዝሩ ውስጥ የገባውም አለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በርግቦች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች እንዳሳየው፣ እህሉ በተወሰነ ቁጥር ሳይሆን መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት መንገድ ሲሰጣት ርግቧ ያለ ማቋረጥ ትነቁራለች፣ እህሉ ጨርሶ ከቀረ በኋላም ለረጅም ጊዜ አትተውም። የውርርድ ቲኬት አሠራሩ ይኸው ነው። በስልክም ላይ ገጹን ወደ ላይ በገፉት ቁጥር ሌላ የሚጨምረው፣ መጨረሻ የሌለው አሠራር፣ እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን በተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ የተሠራ ሲሆን፣ ሠሪው ራሱ በኋላ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል፤ የቀረው ነገር ገጽ ማለቂያ ነበርና፣ ከእሱ ጋር ሰው «ይበቃኛል» የሚልባት ቦታ አብራ ጠፋች። ለሁለቱ ተማሪዎች ሱሰኞች የሚል ስም ለመስጠት አልደፍርም፤ የያዙት ነገር ግን በረካ እንዳይኖረው ሆኖ የተሠራ ነው።

እትዬ ቤትን ከሌሎች የማስበልጣት በዚህ ነው። ከሰል ለመቆጠብም ይሁን ለሌላ፣ ይህች ቤት የምትሸጠው ነገር ማለቂያ አለው። ሦስተኛው ሲኒ ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው እየቀጠነ ይሄዳል፤ ያው ዱቄት ሦስት ጊዜ ስለሚፈላ ጠጪው እየተቀነሰለት እንጂ እየተጨመረለት አይነሣም። ከዚያ ጀበናው ይገለበጣል፣ ሰውም ዱካውን ያነሣል። በቀን ስምንት ሲኒ የሚጠጣው ሾፌር አራቱን ያህል የሚጠጣው ጀበና ከማይገለበጥባቸው ቤቶች ነው፤ ይህን ለእሱም ነግሬዋለሁ፣ «እሷ ደግሞ ነጋዴ አይደለችም» ብሎ ሳቀብኝ።

ቡና ራሱ በአንድ ወቅት የተጠላ መሆኑን መርሳት የለብንም። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ የነበሩ ክርስቲያኖች ቡናን የሌላ እምነት ተከታዮች ልማድ አድርገው ለረጅም ዘመን ይጸየፉት ነበር፤ አመለካከቱ የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በሚጠጡበት ዘመን ነው። ዛሬም ቢሆን በሐዋሳ ከቡናው ጋር የሚሄደው እጣን ከሌላ አምልኮ ጋር የተያያዘ መስሎ የሚከብዳቸው የወንጌል አማኞች ጥቂት አይደሉም፤ እትዬም ይህን ስለምታውቅ ከበዓል ቀን በቀር እጣን አታጨስም፤ እኔ እጣኑ ባይቀር እወድ ነበር፣ ዘጠኝ ዱካ ላላት ቤት ግን ሁለት ደንበኛ ማጣት ቀላል አይደለም።

የቀሩትን ጉድለቶች በአጭሩ ላንሣ። ዱካዎቹ በጣም ዝቅተኞች ስለሆኑ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሲነሣ ደጋፊ ያስፈልገዋል። ሲኒዎቹ የሚታጠቡት በአንድ ሳፋ ውኃ ነው፤ ውኃው ቶሎ ቶሎ ሲለወጥ ባይም፣ ሁለት ሳፋ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ስኳር ሳትጠይቅ ሁለት ማንኪያ ትጨምራለች፣ ጤና አዳምም እንደዚሁ፤ የማይፈልግ ሰው ሲኒው ከመሞላቱ በፊት መናገር አለበት። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲነሣ የከሰሉ ጢስ በቀጥታ ወደ መጨረሻዎቹ ሦስት ዱካዎች ይሄዳልና በበሩ በኩል ያሉትን መምረጥ ይሻላል። መጸዳጃ የለም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰዓቱ ነው፤ ካፌይን በጤነኛ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ድረስ አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት የተጠጣ ሲኒ ግማሹ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገና በደም ውስጥ ነው። እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው አቦሉን ትቶ እንደ ጡረተኛው በረካው ላይ ቢደርስ ይበጀዋል፤ ለዚያም 50 ብሩን ሙሉ አታስከፍልም፣ 15 ብር ትቀበላለች።

ሰኞ ስትከፍት በ10 ሰዓት ሄድኩ። ራሴ ከተሻለኝ ሦስት ቀን ሆኖት ነበርና፣ ለሐራራ ብዬ የምሄድበት ምክንያት አልነበረም። ልቅሶዋን ከደረስናት በኋላ አቦሉን ቀዳችልኝ፤ አርሮ ነበር። ሁለተኛውን ስትቀዳ ግን እጄን ሲኒው ላይ አድርጌ ይቅር አልኳት፣ ከዚያ ወዲህም በሁለት ሲኒ፣ በአቦልና በበረካ፣ ጸንቻለሁ፤ ዋጋው ግን አልተቀነሰልኝም።

ቤቷ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ በረካው እስኪያልቅ ድረስ ክፍት ናት። በ10 ሰዓት ከሩብ ያልደረሰ ሰው ዱካ አያገኝም። እሑድ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ቶናው ሲቀዳ ይህን ማስታወስ ጃንጥላ ከመግዛት ያድናል።